ውጤቱን ለጥፉልን፦ ለከተማችን የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የውሃ ምርመራ ውጤት በየወሩ እንዲለጠፍልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የከተማችንን ስም ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ደብዳቤውን የሚያነብ ሁሉ «የኛ ከተማ ነው እንዴ?» ብሎ እንዲጠይቅ ብዬ ነው። እርስዎ ግን ያውቁታል። ማመልከቻዬ ወይ ጠረጴዛዎ ላይ ወይ መሳቢያዎ ውስጥ አለ።

መናኸሪያው በር ላይ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ኬሚስት አይደለሁም። ግን ቡና የሚሸጥ ሰው ውሃ ነው የሚሸጠው። ቡናውስ ይፈላል፤ እሱ አያሳስበኝም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሲኒ የሚታጠብበት ሳፋ ነው። አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ በጠዋት ስንት ሲኒ እንደሚገባና እንደሚወጣ እኔና እግዜር እናውቃለን። ከቡናው በፊት «እስኪ አንድ ብርጭቆ ውሃ» የሚል ሾፌርም አለ። መቼም ቀዝቃዛ ውሃ አይከለከልም።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት። ሰዓቱ አይታወቅም። ብዙ ጊዜ 9 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ የምተኛው ቧንቧውን ከፍቼ፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ባልዲ አስቀምጬ ነው። ባልዲው ይቀሰቅሰኛል። መጀመሪያ የሚመጣው ግን ውሃ ሳይሆን ድምፅ ነው። ፊስስስ ይላል። ያስላል። ይተፋል። ቆጣሪው በዚህ ጊዜ ይሽከረከራል። (አየርም ያስከፍላል ማለት ነው። እሱን ሌላ ቀን እንከራከርበታለን።) ከዚያ ሻይ የመሰለ ውሃ ይወርዳል። ቀጭን ሻይ እንዳይመስልዎ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እየጠራ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ባልዲ ለሽንት ቤት ነው። ሁለተኛው ለልብስ። ከሦስተኛው ጀምሮ ሮቶ ያለው ወደ ሮቶው፣ የሌለው ወደ ጀሪካኑ። ይህን ሥርዓት ያስተማረን የለም። ከጠራ ይጠጣል፣ ካልጠራ አይጠጣም። ላቦራቶሪያችን ዓይናችን ነው።

ባለፈው ነሐሴ ልጄ ታመመ። አምስት ዓመቱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተቅማጥና ትውከት። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ «ምን ውሃ ነው የምትጠጡት?» አለችኝ። «የቧንቧ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ጻፈች። ኦአርኤስ ሰጠችን። ልጁ ዳነ፤ ተመስገን።

ውሃው ነው ያሳመመው ብዬ መማል አልችልም። ከእጁ ሊሆን ይችላል። መናኸሪያ ከገዛው ማንጎ ሊሆን ይችላል። እኔም ከበርሜል በጣሳ እየጨለፍኩ ስሰጠው ኖሬያለሁ፤ ከጥፋተኞቹ አንዷ እኔ ልሆን እችላለሁ። ለመማልም ሆነ ውሃውን ነፃ ለማለት ግን ቁጥር ያስፈልገኛል።

ቁጥሩ ደግሞ አለ።

መኖሩን የነገሩኝ እናንተው ናችሁ። ልጁ እንደተሻለው ቢሯችሁ መጣሁ። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት በትሕትና አነጋገረኝ፤ ሐሰት አልናገርም። «ውሃው ይመረመራል ወይ?» አልኩት። «በደንብ!» አለኝ። «ውጤቱን ላየው እችላለሁ?» ስለው ሳቀ። «ለግለሰብ አይሰጥም እናቴ፣ በደብዳቤ ጠይቂ።» በደብዳቤ ጠየቅሁ። ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ። በሌላ ቀን ሄድኩ፤ ሥልጠና ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ማመልከቻዬ ራሱ ጠፍቶ ሌላ ጻፍኩ።

ውሃ የከለከለኝ የለም። የከለከላችሁኝ ወረቀት ነው።

መቼም ለሰው ሰው አያጣም። ስመላለስ ያየኝ አንድ ባለሙያችሁ ቡና ሊጠጣ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ እንጀራው ነው። ከቦርሳው አንዲት መሣሪያ አወጣ። የመዳፍ ያህል ፕላስቲክ ናት፤ ሁለት ጠባብ ብልቃጥ አላት፤ ጎኗ ላይ ከነጭ ወደ ሐምራዊ የሚደምቅ የቀለም መስመር። ብልቃጡን ከጀሪካኔ ውሃ ሞላው። ትንሽ ነጭ ክኒን ጣለበት፤ ነቀነቀው። «ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለ» አለኝ። ሁለታችንም ፀሐይ ላይ ይዘን አየነው። ውሃው እንደነበረ ነው። ምንም ቀለም የለም። ክኒኑ ብቻ ከታች እንደ ኖራ ተቀምጧል።

«ጠዋት ጋኑ ላይ ስለካ ደማቅ ሮዝ ነበር» አለ። ጋን የሚለው ተራራው ላይ ያለውን ትልቁን ማጠራቀሚያ ነው። ታዲያ ክሎሪኑ የት ሄደ? መንገድ ላይ አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጠይቅ፣ ሳነብ፣ ስልኬ ላይ ስፈልግ ከረምኩ። የገባኝን ልንገርዎ፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

ክሎሪን ስንቅ ነው። የተወሰነው ጋኑ ውስጥ ያገኘውን ጀርም ይገድላል። ቀሪው በቧንቧው ሁሉ እየተጓዘ፣ መንገድ ላይ የሚገባውን እየጠበቀ፣ እኔ ባልዲ ድረስ መድረስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም እንዲቀር ይላል። ውሃው ተጠቃሚው ቧንቧ ጋ ሲደርስ ደግሞ ከ0.2 እንዳያንስ። ስለዚህ ጋኑ ላይ ተለክቶ «ደህና ነው» ማለት፣ አውቶቡስ ከመናኸሪያ ስለወጣ ተሳፋሪው ደርሷል እንደማለት ነው። መለካት ያለበት መጨረሻው ቤት ነው። መጨረሻው ቤት ደግሞ የኔ ነው።

ድፍርስ ውሃ ክሎሪን ይበላል። ጭቃው ስንቁን ይጨርሰዋል። ጀርሙም በጭቃ ቅንጣት ተሸሽጎ ያልፋል። ለዚህ ነው ድፍርስነት በራሱ የሚለካው። መለኪያው ኤንቲዩ ይባላል። ዓይን «ደፈረሰ» የሚለው ወደ 4 ሲጠጋ ነው። ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ከ1 በታች ቢሆን ይመረጣል ይላሉ። የኔ የሌሊት 9 ሰዓት ሻይ ስንት እንደሚሆን አላወቅሁም። ከ4 ማለፉን ለማወቅ ግን ባለሙያ አያስፈልግም።

አሁን ዋናው ነገር፤ ፈረቃው። እኔ ፈረቃ ማለት ማጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ቀን አጥቼ አንድ ሌሊት አገኛለሁ፤ በቃ። ለካ ባዶ ቧንቧ ዝም ብሎ አይተኛም። ውሃ ሲዘጋ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይወርዳል። ሲወርድ ከኋላው ይስባል፤ ልጅ ማንጎ ጁስ በስትሮ እንደሚስበው። የሚስበው ደግሞ ባገኘው ቀዳዳ ነው። ውሃ ሲኖር ወደ ውጭ የሚያፈሰው ስንጥቅ፣ ውሃ ሲጠፋ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ይሆናል። የኛ መስመር መናኸሪያው ጀርባ በክፍት የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ያልፋል። በጎማ ተጠቅልሎ የታሰረ መገጣጠሚያ አለው። ጎማው ከመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ነው። ሄደው ይዩት። ከታክሲ ተራው ተነስተው ሃምሳ እርምጃ ቢሄዱ ነው።

ስለዚህ በፈረቃ የሚሰጥ ከተማ ከማንም በላይ መመርመር ያለበት ነው። በየፈረቃው መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ።

ክሎሪንና ድፍርስነት እዚያው በደቂቃ ይታወቃሉ። ሦስተኛው ቁጥር ትንሽ ጣጣ አለው፤ ኢ. ኮላይ ነው። ከሰውና ከእንስሳ አንጀት የሚወጣ ባክቴሪያ ነው። ውሃ ውስጥ ከተገኘ ሰገራ ነክቶታል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ነው ደንቡ። በንጹሕ ጠርሙስ ይቀዳል፣ በቅዝቃዜ ተይዞ በሰዓታት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል፣ አንድ ቀን ያህል ሙቀት ውስጥ ይቆያል። 100 ሚሊሊትር ከአንድ ቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ልጄ በቀን ስንት ሲኒ ውሃ ይጠጣል?

ደንበኞቼ መካከል ወንጂ ያደገ ሾፌር አለ። ሲስቅ ጥርሱ ቡናማ ነው። «እኛ ጋ ውሃው መስታወት ነበር» ይላል። ጥፋቱ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ወሰን ያልፋል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ቢያፈሉትም አይሄድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል። ጥርስን ያበልዛል፣ ሲብስ አጥንትን ያጎብጣል። በዓይን ላቦራቶሪ ያመነ ሰው መጨረሻው ይህ ነው። የኛ ውሃ ስንት ፍሎራይድ እንዳለውም ወረቀቱ ላይ አለ ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ «አሜሪካ አይደለንም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለ አሜሪካም ትንሽ ላውራዎት።

እህቴ አርሊንግተን ነው የምትኖረው፤ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ። የሐበሻ ምግብ ቤት ትሠራለች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2024፣ የነፃነት በዓላቸው ዋዜማ፣ የዋሽንግተንና የአርሊንግተን ሕዝብ በሙሉ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ተባለ። ከፖቶማክ ወንዝ የሚመጣው ውሃ በአልጌ ምክንያት ማጣሪያውን ስላስቸገረ ነበር። ሌሊቱን ደወለችልኝ። «በረዶውን ሁሉ ደፋን! የተቀዳውን ጁስ ሁሉ ደፋን!» ትላለች። እኔ ደግሞ በሳቅ ፈረስኩ። ውሃ እያላችሁ ነው የምትጮኹት አልኳት። በማግስቱ ምርመራው ደህና ስለሆነ ማስጠንቀቂያው ተነሳ።

ያኔ ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ሳቄ ጠፋ። እነሱ ጥፋት መኖሩን ሳያረጋግጡ፣ ሊኖር ይችላል ብለው ብቻ ለሕዝቡ ተናገሩ። እኛ ሻይ የመሰለ ውሃ እየቀዳን ማንም ምንም አይለንም።

እህቴ በየዓመቱ የሚደርሳት ወረቀትም አለ። ሕጋቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሻሻል፣ እያንዳንዱ የውሃ ድርጅት በውሃው ውስጥ ምን እንደተገኘ፣ ወሰኑ ስንት እንደሆነና የቱን እንዳለፈ በዓመት አንድ ጊዜ ለደንበኛው እንዲያሳውቅ ተገደደ። እስከ ጁላይ 1፣ በኛ ሰኔ 24 መሆኑ ነው። «ታነቢዋለሽ?» አልኳት። «አላነበውም» አለችኝ። ወረቀቱ ሲመጣ ቆሻሻ ቅርጫት ነው የምትጥለው። ቀናሁባት። የውሃ ምርመራ ውጤት እስኪሰለች ድረስ ማግኘት!

ደግሞ ከሰማይ የወረደላቸው አይደለም። እዚያው ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2000 ውሃ የሚያክሙበትን ክሎሪን በሌላ ዓይነት ሲቀይሩ፣ አሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውሃው መልቀቅ ጀመሩ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ምርመራው ውስጥ ቁጥሩ ታይቶ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ነገሩን በደንብ የሰማው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ከጋዜጣ ነው። ያኔ ከተማዋ ታመሰች። ወረቀት የመላክ ግዴታ እያለም እንኳ ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ሊተኛ ይችላል ማለት ነው። ግዴታውን ሰው ካልጠየቀበት ማለቴ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የመጠጥ ውሃ የኢትዮጵያ ደረጃ አስገዳጅ ደረጃ ነው። ደስ ያለው የሚከተለው፣ ያላለው የሚተወው አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውሃ ይድረስ ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለውን አውቃታለሁ፤ አልጣላትም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ክሎሪኑ በዶላር ይገዛል፣ መለዋወጫ የለም። ባለሙያችሁ ነግሮኛል፤ አምነዋለሁ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ግን ስለ ዶላር አያወራም። ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው ይላል። መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን ማመልከቻ ያስገባሁት መስከረም 20 ነው። ዛሬ ኅዳር 7። አርባ ሰባተኛው ቀን ላይ ነን።

አንድ ሰው «ሕዝቡን ታስደነግጪያለሽ» አለኝ። ከጽሕፈት ቤታችሁ ነው፣ ሹመቱን አልናገርም። ድንጋጤ የሚመጣው ከዝምታ ነው። ለዓመታት ኮሌራ የሚለውን ስም ላለመጥራት «አተት» እያልን ኖርን። በሽታው ስሙን ስላልጠራነው አልቀረልንም። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ባሌ ላይ የታየው ኮሌራ በስሙ ተጠርቶ ነው ሰው ውሃውን አፍልቶ፣ እጁን ታጥቦ ሲከላከል የከረመው። ሰው ካወቀ ያደርጋል። እኔ ራሴ ያ ክኒን ነጭ ሆኖ ከቀረ ጀምሮ የመጠጡን ውሃ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ ሳልጨምርበት አላሳድርም። ጣሳውንም ጥያለሁ፤ አሁን ቧንቧ ያለው ባልዲ ነው የምጠቀመው። ከሰል አይቀመስምና ሁሌ ማፍላት አልችልም። የትኛው ሌሊት ማፍላት እንዳለብኝ ከነገራችሁኝ ግን ያን ሌሊት አፈላለሁ።

የምጠይቀው አዲስ ማጣሪያ አይደለም። አዲስ መስመርም አይደለም፤ ምንም እንኳ የቦዩን ጎማ ባትረሱልኝ ደስ ቢለኝም። የምጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። በየወሩ መናኸሪያው በር፣ ገበያው፣ ቦኖዎቹ ጋ፣ ጤና ጣቢያውና እናንተው ቢሮ መስኮት ላይ ይለጠፍ። በትልቅ ፊደል። ክሎሪን፣ ድፍርስነት፣ ኢ. ኮላይ። የት ሰፈር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደተቀዳ ይጻፍበት። ከጋኑ ብቻ ሳይሆን ከመስመሩ ጫፍ ይቀዳ፤ ፈረቃው በጀመረበት ሰዓት። ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ተብሎ ይለጠፍ፤ ከሥሩ «አፍሉ» ይባልበት። ለቢል የምትልኩልን የስልክ መልእክት አለ አይደል? በየወሩ አንድም ቀን ሳይዛነፍ ይደርሰኛል። በዚያው ይላክልን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሚሸጠውና የሚመዝነው አንድ ሰው ከሆነ ሚዛን አይታመንም። እኔ እንኳ ቡና ስገዛ ሚዛኑን ዞሬ አያለሁ። ጤና ጽሕፈት ቤቱ በራሱ እጅ ቀድቶ፣ በራሱ ይመርምር። የሱም ውጤት ጎን ለጎን ይለጠፍ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ያኔ እንነጋገራለን።

ለማስታወቂያው ቦታ ካጣችሁ የኔ ቤት ግድግዳ አለ። መናኸሪያ የገባ የወጣ ያየዋል። ሙጫውን እኔ እችላለሁ።

አልፎ አልፎ ውሃው በረኪና በረኪና የሚሸትበት ቀን አለ። ያን ቀን ደንበኞቼ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። «ዛሬ ቡናሽ ምን ሆኗል?» ይሉኛል። አንዱማ ግማሹን ትቶ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ሳፋውን ሳጥብ እዘፍናለሁ። ስንቁ ደርሷል ማለት ነዋ። ለደንበኞቼ ይህን ማስረዳት አልቻልኩም። በቁጥር ብትለጥፉልኝ እጄን ወደ ግድግዳው እጠቁም ነበር።

ከሰላምታ ጋር፣
የመናኸሪያ በሯ ቡና ሻጭ፣ የውሃ ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት
ለሰፈራችን እድር
ግማሹን ትቶ ለሄደው ደንበኛዬ